ጉማራን እንዳልሻገር የገዘተኝ ወንድሜ

የእናቴ ልጅ ነው። አንድ ጡት ጠብተን፣ በአንድ ቁርበት ተኝተን ነው ያደግነው። ይህን የምጽፈው ልሰድበው ብዬ አይደለም፤ መስደብ ከፈለግሁ ፊት ለፊት የምሰድብ ሰው ነኝ፣ የሚያውቀኝ ያውቃል። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሁለት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ባያምር ይቅር በሉኝ። የማወራው ነገር ግን የሆነ ነው።

መንደራችን ከጉማራ ወንዝ ወዲህ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ወረታ ለመሄድ እስከ አስፋልቱ በእግር ወጥተን፣ ከዚያ በባጃጅ ድልድዩን እንሻገራለን። ትልቁ ገበያም ሆስፒታሉም ከወንዙ ማዶ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ወንድሜ መሪጌታ ይባቤ የቅኔ መምህር ነው። በልጅነቱ ጎጃም ወርዶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ተማረ። ሲመለስ ግእዙ ከአፉ እንደ ውኃ ይወርድ ነበር። በበዓል ቀን ቅኔ ሲቀኝ ቀሳውስቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉት፣ እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ አንድ ቃል ሳይገባኝ እንባዬ ይመጣል። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይለዋል። እኔም ታላቄ ነውና «ወንድምዓለም» ብዬ፣ አንቱ እያልሁ ነበር የምጠራው።

መድኃኒት አዋቂነቱን የወረሰው ከአባታችን ነው። ለእኔ አልተነገረኝም፤ መድኃኒት ለሴት ከተነገረ ይረክሳል ይባላል። ለምን ብዬ ብጠይቅ «እንዲያው ነው» ተባልሁ። ያኔም አልተዋጠልኝም፣ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ሐቁን ለመናገር ወንድሜ ብዙ ሰው ረድቷል። ለሆድ ቁርጠት፣ ለእከክ፣ ለቁስል የሚሰጠው ይሠራል። ቁርጥማት ያሠቃየውን «ወንዛዬ ፍል ውኃ ሂድና ተነከር» ብሎ ይልካል። ከድኻ አይቀበልም። ስሙ የገነነው ግን በእብድ ውሻ መድኃኒቱ ነው፤ ከአንበሳሜ ድረስ ይመጡለት ነበር። የዚያ መድኃኒት ሕጉ አንድ ነው። የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይከሽፋል፣ ሰውየው ይሞታል። ይህን ሕግ በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ነገሩ የሆነው በመስከረም ነው። ጉማራ ገና ሙሉ ነው፣ ሩዙ ወገብ ደርሷል። የልጅ ልጄን ትርንጎን የማሳድጋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ባሕር ዳር ትሠራለች። ያኔ ገና የወተት ጥርሷን እየለወጠች ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከወንድሜ የልጅ ልጅ ከዮናስ ጋር ማሳው ዳር ይጫወታሉ። ጩኸት ሰምቼ ብወጣ አንድ ባለቤት የሌለው ቡራቡሬ ውሻ በመካከላቸው ይተራመሳል። ዱላዬን አንሥቼ ሮጥሁ። ከመድረሴ በፊት የትርንጎን ባት ነከሰ፣ የዮናስን ክንድ ዘነጠለ፣ የጎረቤታችንን ጥጃ አፍንጫውን ነክሶ በሩዙ ውስጥ ተፈተለከ። ጎረምሶች ተከተሉት፤ አላገኙትም።

ቁስላቸውን በሳሙናና በውኃ አጠብሁና ሁለቱንም እየጎተትሁ ወንድሜ ግቢ ገባሁ።

«ወንድምዓለም፣ ድረሱልኝ! ልጆቹን ውሻ በላብኝ!»

ቅኔ የሚነግራቸውን ተማሪዎች ትቶ ተነሣ። «ለሐጩ ይዝረበረብ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ እኔ ለሐጩን ነው የማይ!»

«ጅራቱስ?»

«ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ወትፎ ነበር።»

ፊቱ ጠቆረ። ጓዳ ገባና መድኃኒቱን በወተት በጥብጦ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ ለሁለቱም ልጆች አጠጣቸው። ሁለቱም አስመለሳቸው። «ደግ ነው፤ ክፉው ወጣ» አለ።

እኔ ግን በዚህ አልተውሁም። «ለማንኛውም ወረታ ወስደን መርፌውንም ብናስወጋቸውስ?» አልሁት።

«እቴ፣ ለሁለት ጌታ መገዛት አይቻልም» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «መድኃኒቱን ጠጥታ ወንዝ ከተሻገረች በገዛ እጅሽ ገደልሻት ማለት ነው። በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ!»

ጎረቤቱ «እውነታቸውን ነው፣ እውነታቸውን ነው» አለ። ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። ልጄን አዝዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት ልንገራችሁ? እብድ ውሻ የነከሰው ሰው በሽታው ሲነሣበት ውኃ ይፈራል ይባላል። ትርንጎ ውኃ በጠጣች ቁጥር ጉሮሮዋን አያለሁ።

«ምን ታዪኛለሽ እመዬ?»

«ምንም። ጠጪ።»

«ጠጣሁ እኮ።»

«እስቲ ትንሽ ጨምሪ።»

«ሆዴ ሊፈነዳ ነው!»

እሷ ትስቃለች፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን እነክሳለሁ። ደግሞ ዮናስ ናፍቋት ትነዘንዘኛለች። ዮናስ ግን አይታይም። ስንጠይቅ «መድኃኒቱ ስላለበት ፀሐይ እንዳይነካው ቤት ተኝቷል» ይሉናል። አንድ ቀን እንቁላል ይዤለት ሄድሁ። ወንድሜ ከደጃፉ ተቀበለኝ። «እንቅልፍ ይዞታል፣ አትቀስቅሽው» አለና እንቁላሉን ከእጄ ወስዶ መረቀኝ። «እግዜር ያንቺንም ይማርልሽ» አለኝ። ይችን ምርቃት ዛሬም ስሰማት ያመኛል።

ሳምንት ሊሞላ ሲል ሳሙና አልቆብኝ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፣ ከድልድዩ ወዲህ ካለችው ሱቅ። እዚያ ኑሩ የሚባል የወረታ ልጅ ባጃጁን አቁሞ ሰው ይጠብቃል። አባቱ ወረታ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ እሱ ግን ከጨርቅ ይልቅ ወሬ ይወዳል።

«እማማ! አይሻገሩም እንዴ? ባዶዬን ነው የምመለሰው፣ በነፃ ላድርስዎ።»

«አንተ በነፃ ብለህ ድልድዩ ላይ ስደርስ ነዳጅ አለቀ ልትለኝ ነው።»

«ወላሂ እማማ፣ እሱ አንድ ቀን ነው የሆነው! እስከ ዛሬ ያዙብኝ?» ሳቀ። «ይልቅ የልጅቷ መርፌ እንዴት ሆነ? አለቀላት?»

«የየቷ ልጅ?»

«የእርስዎዋ ናታ! ከየኔታ የልጅ ልጅ ጋር ውሻ ነክሷት የለም? ልጁን እኮ የማመላልሰው እኔ ነኝ። የተነከሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው ያደረስሁት። ከዚያም ወሰድሁት፣ ዛሬም ጠዋት አድርሼዋለሁ። መርፌውን ሲያይ አጯጯሁ! ሙዝ ገዝቼ ነው ዝም ያሰኘሁት።»

«ማን ላከው?»

«የኔታ ራሳቸው ናቸዋ፣ ከእናቱ ጋር። ጋቢ አከናንበው ነው የሚሰዱት፤ እኔማ ብርድ መትቶት መስሎኝ…»

ፊቴን አይቶ ቃሉን ዋጠው። «ምነው እማማ፣ ክፉ ተናገርሁ?»

«ኑሩ፣ እዚሁ ቆመህ ጠብቀኝ። ማንም ቢመጣ እንዳትጭን።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስክመጣ!»

ሳሙናውን ሱቁ ላይ ረስቼ ተመለስሁ። መንገዱን ሁሉ ሁለት ሐሳብ ይናጠኛል። አንደኛው «አታለለሽ» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ያደግሁበት ሐሳብ፣ «ዮናስስ በመርፌው ቢተርፍ፣ የትርንጎ መድኃኒት እስካሁን በደሟ ገብቶ ቢሆንስ? አሁን ብታሻግሪያት ያከሸፍሽው አንቺ አይደለሽም?» ይለኛል። ግራ ገባኝ። ይህን የሚያውቅ ከወንድሜ በቀር ሰው የለም። ስለዚህ ልጅቷን ከመውሰዴ በፊት እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።

ወይራው ሥር ተማሪዎቹን ሰብስቦ ተቀምጧል።

«ተማሪዎቹን ያሰናብቱልኝ» አልሁት።

«ቅኔ እየነገርሁ ነው እኮ እቴ።»

«ቅኔው ይቆያል።»

አየኝና ልጆቹን በእጁ አሰናበታቸው።

«ዮናስ የት ነው?»

«ተኝቷል አላልሁሽም?»

«ባጃጅ ላይ ነው የሚተኛው? ጋቢ ተከናንቦ?»

«እናቱ ናት… ከእኔ ተደብቃ…» ብሎ ጀመረ።

«በሰው አያሳብቡ! ማን እንደላከው ሰምቻለሁ። እኔ ዛሬ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ትርንጎን ወንዝ ላሻግራት ወይስ አላሻግራት?»

መሬት መሬቱን ያያል። ከአጥሩ ውጭ አንዱ ተማሪ የተነገረውን ቅኔ ለብቻው ይደጋግማል። ወንድሜ ያንን የሚያዳምጥ መሰለ።

«አሻግሪያት» አለኝ።

ከዚያች ቃል ወዲህ አንቱ ማለት ከአፌ ጠፋ።

«አንተ! መድኃኒቱ ቢከሽፍስ?»

«የሚከሽፍ ነገር የለውም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሙሉ አይደለም እቴ።» ድምፁ ወረደ። «አባታችን ሥሩን አሳየኝ። ከሥሩ ጋር የሚገባውን ቅጠል ግን አባት ለልጁ የሚነግረው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው፤ የዘራችን ወግ እንዲያ ነው። እሱ ሲሞት እኔ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርሁ። ለቅሶ ስደርስ የተነከሰ ልጅ የያዘ ሰው ደጃፋችን ላይ ቆሞ አገኘሁ። ‹የእገሌ ልጅ መጣልን› ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አላውቅም ማለት አቃተኝ። ሥሩን ብቻ ሰጠሁት። ልጁ ዳነ። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ሌላም መጣ።»

«የሚነክስ ውሻ ሁሉ እብድ ነው እንዴ? የዳኑት በራሳቸው ድነው ይሆናል! ያልዳኑትስ?»

«ወንዝ ተሻግረው ነው ተባለ።»

«ማን አለ?»

ጥምጣሙን አስተካከለ።

«የመልካሜ ልጅ መድኃኒትህን ጠጥቶ የሞተ ጊዜ፣ ቀብሩ ላይ ‹እናቱ ወንዝ አሻግራው ነው› ያልኸው አንተ አይደለህም? ያች ሴት እስከ ዛሬ ‹ልጄን ገደልሁት› እያለች ደረቷን ትመታለች እኮ!»

«እኔ ባልለውም ሰው ይለው ነበር።»

እንደ ቅኔ መምህር ሳይሆን እንደ ሌባ ነበር የመለሰልኝ። እኔ ግን ያልገባኝ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

«ለዮናስ ያወቅህለትን ለትርንጎ ለምን ነፈግሃት? በጆሮዬ ‹ውሰጃት› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ያኔ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። «አንቺን አውቅሻለኋ» አለኝ። «አንቺ ውሸት አይተሽ አታልፊም። ብነግርሽ በማግሥቱ አገር ይሰማ ነበር። ውሻው ጤነኛ ይሆናል ብዬ… ለፈጣሪ ሰጠኋት።»

«ዮናስንስ ለፈጣሪ አትሰጠውም ነበር?»

ጥዬው ወጣሁ። ሐቅ ስለምወድ ነው ልጄን የተዋት። ሌላ ዓይነት ሴት ብሆን፣ አይቶ እንዳላየ የምታልፍ፣ ልጄ በጊዜ ትወጋ ነበር። ይህን እያሰብሁ ቤቴ እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም።

ትርንጎን አዝዬ አስፋልቱ ላይ ስደርስ ኑሩ እንደቆመ ነው። ልጅቷ ድልድዩን ስታይ ከጀርባዬ ላይ መንፈራገጥ ጀመረች።

«እመዬ፣ ወንዝ ነው! ወንዝ ነው እኮ! ከተሻገርሁ እሞታለሁ!»

«አትሞቺም።»

«የኔታ ብለዋል!»

ኑሩ ሊያግዘኝ ብሎ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ወንዙ አያይሽም» አላት። እኔም «የምትሻገሪው በጀርባዬ ነው፣ እግርሽ አይነካውም» ልላት ከአፌ ደርሶ ነበር። ተውሁት። በዚያ ሳምንት የተዋሸችው ይበቃታል።

ባጃጁ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኋት። «ስሚ፣ የኔታ ዋሽቶናል» አልኋት።

«የኔታ ይዋሻሉ?»

«ይዋሻል።»

«ለእኔም?»

«ላንቺም።»

ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀበረች። «እሺ፣ አጥብቀሽ ያዥኝ» አለችኝ።

ኑሩ ነዳው። ከሥራችን ጉማራ ደፍርሶ፣ ግንድና ሣር እየጎተተ ይወርዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወንድሜ በአፉ ነግሮኝም፣ ድልድዩ መካከል ስንደርስ ኑሩን «መልሰኝ» ልለው ነበር። በልጅነት የገባ ነገር በአንድ ቃል አይወጣም። ማዶ ስንደርስ የትርንጎን ግንባር ዳሰስሁ። «ደረስን?» አለችኝ። «ደረስን» አልኋት። እሷ ቀና ስትል እኔ አለቀስሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ አግዳሚው ላይ ማን ተቀምጦ ይመስላችኋል? ዮናስ፣ ከእናቱ ጋር መመለሻ ባጃጅ ሲጠብቅ። እናቱ እኔን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እንዳልነግርዎት አስምለውኝ ነው እትዬ» አለች። ልጆቹ ግን ምን ያውቃሉ፣ ተቃቀፉ።

«አንተም ተሻገርህ?» አለችው ትርንጎ።

«ብዙ ጊዜ!»

«አልሞትህም?»

«ኧረ! ያማል እንጂ አይገድልም።»

ነርሷ መቼ እንደተነከሰች ጠየቀችኝ። ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ ይህን ያህል ቀን ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ስታለል» አልኋት።

«ዛሬም መምጣትዎ ደግ ነው፤ ከቀጠሮው አንዱም እንዳይጎድል» ብላ ወጋቻት። ትርንጎ ዮናስ እያያት ስለነበር አልጮኸችም።

ቀጠሮውን አላጓደልንም። ግን መዳኗን በምን አውቃለሁ? ሩዙ እስኪታጨድ ድረስ ውኃ ስትጠጣ ጉሮሮዋን ማየት አልተውሁም። በኅዳር ያ የተነከሰው ጥጃ ድምፁ ተለወጠ። ለሐጩ ተዝረበረበ፣ ግንድ በግንባሩ መታ፣ ውኃ አጠገብ ወድቆ ሞተ። ውሻው እብድ እንደነበር ያን ጊዜ አገር ሁሉ አወቀ። እኔ ጥጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጎረቤቴ ለጥጃው ያዘንሁለት መስሎት «ተይ እንጂ፣ ከብት ነው» አለኝ።

ትርንጎ ዛሬ ተማሪ ናት፤ ስትሮጥ የሚይዛት የለም።

መልካሜ ዘንድ ሄድሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ «ልጅሽን የገደለው ወንዝ መሻገሩ አይደለም» አልኋት። ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እጇ ቆመ። «እኔ ያሻገርሁት ወረታ መርፌ ላስወጋው ነበር» አለችኝ። «ድልድዩን ካለፍን በኋላ የአገሬ ሰዎች አገኙኝ። ‹መድኃኒቱን አታክሽፊ› ብለው እየተቆጡ መለሱኝ።» ከዚያ ጥጧን መፍተል ቀጠለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የባህል መድኃኒት ትጠላለች እንዳትሉኝ። ሆዴን ሲቆርጠኝ ዛሬም ሥር እቀቅላለሁ። አባታችን የደበቀው ቅጠል ያድን እንደነበርም አላውቅም፤ የሚያውቅ የለም፣ ለልጁ እንኳ ሳይነግር ይዞት ሞተ። ወንድሜ አለማወቁም አይደለም የከነከነኝ። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። ውሻ የነከሰው ልጅ ካላችሁ ቁስሉን በሳሙና እጠቡና የዚያኑ ዕለት ወደ መርፌው ሩጡ። ወንዝ ቢኖር ተሻገሩ። የሚገዝታችሁ ሰው ቢኖር፣ የራሱን ልጅ የት እንደላከው መጀመሪያ ጠይቁት።

ወንድሜ አሁን የተነከሰ ሰው ሲመጣበት «ሥሩ ከአገር ጠፋ፣ ወረታ ሂዱ» ይላል። ሰው ሲመርቀው እሰማለሁ፤ «የኔታ ለሰው ነፍስ አሳቢ ናቸው» ይሉታል። ስሙ እንዳለ ነው። በበዓል ቀን ዛሬም ይቀኛል፣ ዛሬም «ይበል!» ይባላል። እኔ ቅኔው ሲጀመር ወጥቼ ደጀ ሰላም እቀመጣለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ሽማግሌዎች ልኮብኝ ነበር። የጠየቅሁት ካሣ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ መልካሜም ባለችበት፣ እውነቱን ይናገር አልሁ። «ስሙን ይግደል ነው የምትይን?» አሉኝ። «እሱ ልጅ ሊገድል አልነበረም?» አልኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይ እንጂ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ወንድምሽ ነው። ልጅቷ እንደሆነች ድናልሻለች። ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«አባቴ» አልኋቸው፣ «ልጅቷ የዳነችው እኮ ባጃጅ ነጂው ወሬኛ ስለሆነ ነው። ወንድሜማ ምሥጢሩን ጠብቆ ነበር።»